ጣና ላይ የታየችው ፒካፕ

ይህ ታሪክ እውነት ነው። እንደ ወጥ ጨው ጣል ጣል የተደረገበት እውነት ሳይሆን፣ ከአናት እስከ ተረከዝ እውነት። አንዲት ፍሬ ሐሰት ብትገኝበት ጣና ከነጉማሬዎቹ ይድረቅ፤ አባይ ሽቅብ ይፍሰስ፤ የጻፈውም እጅ ከነብዕሩ ይሰበር። ክንዱ ራሱ ሦስት ጊዜ ሲያወራው ተሰምቷል፤ ሦስቱንም ጊዜ ነገሩ አልተለወጠም። የሞተረኞቹ ቁጥር ብቻ ትንሽ ከፍ ዝቅ ብሏል፤ እሱም ቢሆን ሰው በደነገጠበት ሰዓት ማን ቆሞ ይቆጥራል?

ክንዱ የባሕር ዳር ሰው ነው። ዕድሜው አርባ ሰባት ነው፤ እሱ ግን እንደ ሰሚው አንዴ አርባ፣ አንዴ ስልሳ ያደርገዋል። ነጭ ፒካፕ አለችው። ከአንበሳሜ ሽንኩርት፣ ከእንፍራንዝ ጤፍ ይጭንባታል፤ ሰው ቤት ሲቀይር አልጋና ቁም ሣጥን ያመላልስባታል፤ አንድ ጊዜ እንዲያውም ሙሽራ ከነሚዜዎቿ፣ ከነከበሯቸው ጭኖባታል። እንዲህ ያለች መኪና ከጣና ወዲህም ወዲያም የለችም። ሞተሯ ሲነሣ ደብረ ታቦር ላይ ያለች ዶሮ ደንግጣ እንቁላሏን ትጥላለች። ዳገት አታውቅም፤ ዳገት ነው የሚያውቃት፤ ሲያያት ጎንበስ ይላል።

ሚስቱ ጽጌ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። ሥራዋ ጉድለት መፈለግ ነው። ጨርቁ በመብራት ፊት ሲያልፍ ዐይኗን ሳትነቅል እያየች፣ የተዛነፈች ክር ስታገኝ በጠመኔ ምልክት ታደርጋለች። ከአንድ ሺህ ሜትር ጨርቅ አንዲት የሳተች ክር የማታመልጣት ሴት ክንዱን ያህል ሰው ማግባቷ ራሱን የቻለ ተአምር ነው።

ባለፈው ፋሲካ ማግስት ክንዱ ደውሎ፣ «ሐሙሲት ላይ ሽፍቶች ከበውኛል፤ በሕይወት ካልተያየን ይቅር በይኝ» አላት። ጽጌ በነጠላ ጫማ ፖሊስ ጣቢያ ድረስ ሮጠች። ክንዱ ግን ሐይቁ ዳር ካለው ዓሣ ቤት ቁጭ ብሎ የአምባዛ እሾህ እየለቀመ ነበር። በዚያን ጊዜ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ገድሉ ገብተው አስታረቋቸው። ክንዱም ዳግመኛ ላይዋሽ በጊዮርጊስ ስም ማለ። ጽጌ ደግሞ በሽማግሌው ፊት እንዲህ አለችው፦

«አንዲት ውሸት። አንዲት ብቻ ከእንግዲህ ብሰማ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ አንበሳሜ ወንድሜ ዘንድ ነኝ። ለሽማግሌም አልመለስም።»

ክንዱ ነብር አይፈራም፤ ጎርፍ አይፈራም፤ የትራፊክ ፖሊስ እንኳ አይፈራም። በዚህ ዓለም ላይ የሚፈራው ጽጌ የሌለችበትን ቤት ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት ወር ሙሉ አፉን ይዞ ከረመ። ሁለት ወር፣ ከአንድ ቅዳሜ በስተቀር።

ማክሰኞ ጧት የፒካፗ የኋላ ጎማ ምስማር ወጋው። ክንዱ እያዘገመ ጀልባ መነሻው አጠገብ ካለው ጓደኛው ሣህሉ ጎሚስታ ቤት ደረሰ። ሣህሉ ክሪኩን አስገብቶ መኪናዋን አነሣ፤ ጎማውን ፈታ፤ ከዚያ እጁን ወደ ውስጥ ሰደደና ድንገት ዝም አለ። ሣህሉ ሥራ ላይ ሲሆን ዝም ብሎ አያውቅም፤ ያፏጫል።

«ክንዱ፣ እስቲ ወዲህ ና።»

«ምን ሆነች?»

«እሷማ ምንም አልሆነች። አንድ እኔ ያልገጠምሁት ዕቃ ነው ያገኘሁ።»

ከሻንሲው ላይ ነቅሎ በመዳፉ ይዞ አወጣት። የሳሙና ፍሬ የምታህል ጥቁር ሳጥን ናት። ጀርባዋ ማግኔት ነው። በአንድ ጥግ በኩል ስንጥር የምታህል ቀይ መብራት ብልጭ፣ ጥፍት፣ ብልጭ፣ ጥፍት ትላለች፤ እንደ ሕያው ነገር ዐይኗን ታርገበግባለች።

«ምንድን ናት?»

«ጂፒኤስ ናት። መኪናህ የት እንደሄደች፣ የት እንደቆመች፣ ስንት ሰዓት እንደቆመች ለባለቤቱ ስልክ ስትነግር የምትውል ናት።»

«ባለቤቱ እኔ አይደለሁም እንዴ?»

«የመኪናው ባለቤት አንተ ነህ። የዚህች ባለቤት ግን ሌላ ነው።»

ክንዱ ደነገጠ። ደነገጠ ሲባል እንዲያው ሰው እንደሚደነግጠው አይደለም። ደሙ ከራስ ጠጉሩ ተነሥቶ ቁልቁል ወረደና በጫማው ክር ቀዳዳ ሊፈስ ምንም አልቀረው። የለበሳት ኮት በአንድ ጊዜ ሁለት ቁጥር ሰፋችው። ከሣህሉ አሮጌ ጎማዎች በአንዱ ላይ ቁጭ አለ፤ ጎማው ውስጥ ሰጠመና ጉልበቱ ከአገጩ ጋር ተገናኘ።

«ጠላት አለህ እንዴ?» አለው ሣህሉ።

«ጠላትማ ከመተማ እስከ ደጀን ሞልቶልኛል» አለ ክንዱ፤ ልማድ ክፉ ነው፣ እየተንቀጠቀጠም ትንሽ ኮራ።

«ተው ቀልዱን። ያን ቅዳሜ ዓሣ ቤት ምን ነበር ስታወራ የነበረ?»

ክንዱ ዐይኑ ፈጠጠ። ያን ቅዳሜ የማያውቃቸው ሰዎች በተቀመጡበት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሐይቁ ዳር ባለ ስምንት ፎቅ ሆቴል ሊሠራ እንደሆነ፣ መሬቱን እንደ ጨረሰ፣ ፒካፗንም የሚነዳት ድሃ ለመምሰል ብቻ እንደሆነ ተናግሯል።

«እሱማ ለጨዋታ ነው!»

«አጋች ጨዋታ አይገባው ወንድሜ። ባለ ስምንት ፎቅ ሰው ሲሰማ ስምንቱንም ፎቅ ነው የሚያምን።»

በዚህ ዘመን በመንገድ የሚውል ሰው «አጋች» የምትለዋን ቃል ሲሰማ ምን እንደሚሆን ለባሕር ዳር ሰው አይነገርም። ክንዱ እጁን አፉ ላይ አደረገ። ከዚያ አፍ የወጣው ሁሉ አሁን ጥቁር ሳጥን ሆኖ፣ ቀይ ዐይን አውጥቶ፣ ከመኪናው ሥር ተጣብቆ አገኘው።

ሣህሉ ግን ነገር የሚያውቅ ሰው ነው። «ስማኝ፣» አለ፣ «እንዳትሰብራት። እንዳታጠፋት። ከጠፋች ያስቀመጣት ሰው እንዳገኘሃት ያውቃል። ፎቶ እናንሣት፣ እንዳለች ይዘሃት ፖሊስ ጣቢያ ሂድ። ከዚያ በፊት ግን እህት ካላት እንፈልግ፤ አንዷን ሰው እንዲያገኛት ትቶ ሁለተኛዋን የሚሸሽግ አለ።»

ባትሪ አብርቶ ፈተሸ። ማግኔት ብረት ስለሚወድ መጀመሪያ ከሥር ያለውን ብረት ሁሉ በእጁ ዳበሰ፤ የአራቱንም ጎማ ጓዳ፣ የፊትና የኋላ መከላከያውን ውስጥ፣ ትርፍ ጎማው የሚንጠለጠልበትን አየ። ከዚያ ኮፈኑን ከፍቶ ከባትሪው የሚነሡትን ሽቦዎች አንድ በአንድ ተከተለ፤ «እዚህ ላይ እንግዳ ሽቦ ካየህ፣ የማይሞት ጂፒኤስ ነው፤ ከመኪናህ ደም እየጠጣ ይኖራል» አለ። ከመሪው ሥር ያለችውን መሰኪያ አጎንብሶ ተመለከተ። የወንበሮቹን ሥር ፈተሸ። የተገኘው አንድ እግር ሰንደል ጫማና የደረቀ የማንጎ ፍሬ ብቻ ነው።

«አንዷ ብቻ ናት። በል ጣቢያ ሂድ።»

ክንዱ ግን ጣቢያ ሊሄድ አልቻለም። ጣቢያ ከሄደ «ለምን አንተን ይከታተላሉ?» ይሉታል። ስለ ሆቴሉ ሊናገር ነው። ሆቴሉ ከተነገረ ጽጌ ትሰማለች። ሳጥኗንም ቢያሳያት «ደግሞ ይህን ከየት ገዝተህ መጣህ?» ነው የምትለው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ ጉድ ገጥሞት፣ የሚያምነው ሰው አጣ።

እዚህ ላይ ነው ወንድ የሚለየው።

ቀና ሲል ከመንገዱ ማዶ፣ ከዘንባባዎቹ ሥር፣ ዘጠኝ ሞተረኞች ተሰልፈው አየ። ዘጠኙም ጥቁር ሄልሜት አድርገዋል። ሣህሉ አላያቸውም፤ ሣህሉ ጎማ ውሃ ውስጥ እየነከረ ነበር። ክንዱ በዚያች ቅጽበት ድንጉጡ ክንዱ መሆኑን ትቶ ሌላ ሰው ሆነ። «እነዚህን ሰዎች ከቤቴ አርቄ፣ ከጽጌ አርቄ ካልወሰድሁ ወንድ አይደለሁም» አለ በልቡ።

ወደ ደቅ ደሴት የሚሄደው ጀልባ ሊነሣ ሞተሩን እያሞቀ ነበር። ክንዱ ሳጥኗን በጥርሱ ነከሳት፤ ከነኮቱ፣ ከነጫማው፣ ጣና ውስጥ ዘለለ። ቁልቁል ሄደ፤ አሁንም ቁልቁል ሄደ፤ ውሃው ጥቁር እስኪሆን ድረስ። በዚያም አንድ ጉማሬ አገኘው፤ ከፒካፗ የሚበልጥ ጉማሬ፣ አፉን እንደ ጋራዥ በር የከፈተ። ክንዱ በውሃ ውስጥ ሆኖ በግንባሩ ብቻ ተቆጣው። ጉማሬው አፍሮ አፉን ገጠመና ጥጉን ያዘ። ክንዱም በጀልባው ሆድ ሥር ገብቶ ሳጥኗን ከብረቱ ላይ ጠቅ አድርጎ አጣበቃት። ከዚያ ወዲህ እንግዲህ አጋቾቹ በስልካቸው ሲያዩ፣ የክንዱ ፒካፕ ጣናን በጎማዋ እየቀዘፈች፣ አንዲት ጠብታ ሳይነካት ወደ ደቅ ስትጓዝ ነው የሚታያቸው!

ከዘጠኙ ስድስቱ ተታልለው ሐይቁን ይዘው በረሩ። ሦስቱ ግን ብልጦች ነበሩ፤ ክንዱን በዐይናቸው አይተዋል። ክንዱ ሣህሉ ባሰረለት ጎማ ላይ ፒካፗን አስነሥቶ፣ ስልኩንም እንዳያገኙት አጥፍቶ፣ የአባይን ድልድይ አቋርጦ ወደ ወረታ፣ ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን ነዳት። ሦስቱ ከኋላው አቧራ እየቃሙ ተከተሉት። እንፍራንዝ ሲደርስ ወደ ጉዛራ ታጠፈ፤ ፒካፗን ከቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ ጀርባ ሸሸገ፤ ግንቡ ላይ ወጣና ፎከረ። ግንቡ የክንዱን አንድ ድምፅ ተቀብሎ አንድ ሺህ አድርጎ መለሰው። ሦስቱ ሞተረኞች ጦር የሰፈረ መሰላቸው፤ ሞተሮቻቸውን ወደ ኋላ እየነዱ ሸሹ። ክንዱም እዚያው እንፍራንዝ ዘመድ ቤት አድሮ፣ ረቡዕ ጧት እንደ ድል አድራጊ ወደ ባሕር ዳር ተመለሰ።

ወደ ሰፈሩ ሲታጠፍ ከመንገዱ መሐል የእድሩ ድንኳን ተተክሎ አገኘ።

ክንዱ ሐዘን አክባሪ ሰው ነው። መኪናዋን ከጥግ አቁሞ፣ ኮቱን ደርቦ፣ አንገቱን ደፍቶ ገባና ከበሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ርቦት ነበር። ንፍሮ ሲዞር ሁለት እጁን ዘረጋ። ከጎኑ ዐይናቸው የደከመው ጎረቤታቸው አባባ አምሐ ተቀምጠዋል።

«ማን ነው የሞተው አባባ?» አለ በሹክሹክታ።

አባባ አምሐ ዞር ሳይሉ፣ «ክንዱ» አሉ።

«የቱ ክንዱ?»

«ስንት ክንዱ አለ ልጄ? ውሸታሙ ነዋ።»

ንፍሮው ጉሮሮው ላይ ቆመ። «ምን… ምን ሆኖ?»

«ከነመኪናው ጣና ገባ። ነፍሱን ይማረው። አንድ ቀን እውነት ሳይናገር ሄደ፤ መሞቱን እንኳ ራሱ ቢነግረን ኖሮ ባላመንን።»

ክንዱ ራሱን ዳበሰ። አለ። ጉንጩን ቆነጠጠ፤ አመመው። እውነት ግን ሞቶ ቢሆንስ? የሞተ ሰው መሞቱን በምን ያውቃል? ብርድ ብርድ አለው። በዚህ መሐል ከድንኳኑ ውስጥ ከሴቶቹ በኩል አንድ ድምፅ ተነሣ፤ የለቅሶ ድምፅ ይሁን እንጂ ከመቶ ድምፅ የሚለየው ድምፅ ነው፦

«በምድር ሲጠሩት ሩቅ ነኝ የሚለው፣
ዛሬ ውሃ ገብቶ ምነው ዝም ያለው?»

ጽጌ ናት።

ክንዱ ሳያስበው ብድግ አለ። ንፍሮው ከእጁ ተበተነ። «አለሁ!» ብሎ ጮኸ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሰው ሁሉ አይቶታል። ጡሩምባ ነፊው ጡሩምባውን ጥሎ በድንኳኑ ሥር ሾልኮ ወጣ። ሴቶቹ እሪ አሉ። አንዱ አማተበ፤ አንዱ በሸክላው ማሰሮ ሊመታው ተነሣ። የድንኳኑ አንድ ምሰሶ ተነቅሎ ግማሹ ጨርቅ በሰው ላይ ወረደ። አባባ አምሐ ብቻ አልተነቃነቁም፤ «አላልሁም? ይኸው መሞቱም ውሸት ሆነ» አሉ።

ጽጌ በሰዉ መሐል እየገፋች መጣች። ዐይኗ አብጧል፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ቀረበችና ፊቱን በሁለት እጇ ዳበሰችው፤ ግንባሩን፣ ጆሮውን፣ ጢሙን። ከዚያ በጥፊ አጮለችው።

«የት ነበርህ?»

«እንፍራንዝ።»

«መኪናውስ?»

«እንፍራንዝ፤ አብራኝ።»

«ነጥቡ እኮ ሐይቁ መሐል ነው የጠፋው! በዐይኔ እያየሁ! እየሄደ፣ እየሄደ፣ ውሃው መሐል ሲደርስ ድርግም አለ!»

«የምን ነጥብ?»

ጽጌ አፏን ያዘች። ግን ቃሉ ወጥቷል። ክንዱ ሚስቱን አየ፤ ስልኳን አየ፤ እንደገና ሚስቱን አየ። ዘጠኝ ሞተረኛ፣ አንድ ጉማሬ ያላስደነገጠውን ሰው ያቺ አንዲት ቃል አስደነገጠችው።

«አንቺ ነሽ?» አለ። «ጽጌ፣ አንቺ ነሽ ያደረግሽው?»

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ገድሉ ሁለቱንም እሳቸው ቤት አስቀመጧቸው። ድንኳኑ ገና አልፈረሰም፤ ውጭ ሰዉ ይተወው ወይስ ይንቀለው አላወቀም። ጽጌ ሻንጣዋን አዘጋጅታ፣ በጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ከክንዱ ጀርባ፣ ከጥጉ፣ አንድ እንግዳ አሉ፤ ለቅሶው ላይ ደርሰው ከድንኳኑ ተከትለው የገቡ የደቅ ሰው፣ መምህር ጥዑመ ልሳን የሚባሉ፣ ጥምጥማቸውን ዝቅ አድርገው ጭራቸውን የያዙ። ክንዱ ፊቱ ሁሉ ወደ ጽጌ ስለነበር አላያቸውም።

«አንተ ከሳሽ ነህ፣ እሷም ከሳሽ ናት» አሉ ጋሽ ገድሉ። «ተከሳሽ የሌለበት ችሎት ዛሬ ገና አየሁ። በል ጀምር።»

ክንዱ ተነሥቶ ቆመ። ያንኑ ከላይ የተጻፈውን፣ ከሞተረኞቹ እስከ ጉዛራ፣ አንድም ሳያጎድል ተናገረ። ጉማሬው ብቻ ሁለት ሆኗል። ሲጨርስ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ይህን ሁሉ ያደረግሁት እሷን ላድን ብዬ ነው፤ እሷ ግን ባሏን እንደ ሌባ ስታሳድድ ኖራለች!» አለ። ድምፁ ተሰበረ፤ እንባም መጣ።

«አንቺስ ልጄ?»

«ጋሽ ገድሉ፣ እኔ ልሰልለው ብዬ አይደለም» አለች ጽጌ ሻንጣዋን እንዳቀፈች። «ደውዬ የት ነህ ስለው፣ ጥይት እየዘነበብኝ ነው ይለኛል። በማግስቱ ዓሣ ቤት እንደዋለ እሰማለሁ። ደግሞ ሌላ ቀን መንገድ ተዘጋብኝ ይላል፤ ውሸቱን ነው ብዬ ስተኛ፣ እውነት ሆኖ ይገኛል። የቱን ልፍራ? የቱን ልተው? ሁለት ወር ዝም ሲለኝ ደግሞ ባሰብኝ፤ ዝም ያለ ክንዱ አይቼ አላውቅማ። በዚያ ቤት ውስጥ እውነት የሚነግረኝ አንድ ነገር ፈለግሁ። ከሰው አጣሁት፤ ዕቃ ገዛሁ።»

ጋሽ ገድሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቢሆንም ልክ አይደለም ልጄ። ሰው ከብት አይደለም፣ ሳያውቅ ቃጭል አይታሰርበትም። ላስርብህ ነው ብትይው ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም። እድሩም ለነጥብ ድንኳን አይተክልም።»

«እሱስ አጥፍቻለሁ። ይቅርታም እጠይቀዋለሁ» አለች ጽጌ። «አሁን ያመጣኝ ግን ሌላ ነው። እንፍራንዝ ነበርሁ አለ። ዋና ደግሞ መቼ እንደ ተማረ አላውቅም። ይህ አሁን የተናገረው እውነት ከሆነ ሻንጣዬን ይዤ ቤቴ እገባለሁ። ካልሆነ አንበሳሜ ነኝ። ማክሰኞ ነጥቡ የጠፋበትን ቦታ ላሳይዎት፣ እርስዎ ይፍረዱ።»

ከለቅሶው ወዲህ ያልነካችውን ስልኳን ከፈተች። ጣቷ አየር ላይ ቆመ።

«ምንድን ነው?» አሉ ጋሽ ገድሉ።

«ሐይቁ ላይ አይደለም…» ፊቷ አመድ መሰለ። «ደቅም አይደለም። እዚህ ነው። ጋሽ ገድሉ፣ እዚህ ቤት ውስጥ ነው ያለው።»

ክንዱ «መጡ!» ብሎ ጮኸ። ይህን ያህል ግንብ ላይ የፎከረ ሰው፣ ጋሽ ገድሉን በወገባቸው ይዞ ከጀርባቸው ተሸጎጠ።

በዚህ ጊዜ ከጥጉ በኩል እንደ ማኅሌት መጀመሪያ ዝግ ያለ ድምፅ መጣ።

«አትደንግጡ ልጆቼ። ሳጥኒቱ እኔ ዘንድ ናት።»

መምህር ጥዑመ ልሳን እጃቸውን ወደ ኮሮጇቸው ሰደው በጨርቅ የተጠቀለለች ነገር አወጡ። ጨርቁን ፈተው ጠረጴዛው ላይ አኖሯት። ብልጭ፣ ጥፍት፣ ብልጭ፣ ጥፍት አለች።

«ከየት አገኟት የኔታ?» አሉ ጋሽ ገድሉ።

«ትናንት ደቅ ላይ ሰጠኝ።»

«ማን?»

«ይህ ከጀርባዎ ያለው።»

የኔታ ጭራቸውን ከጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ።

«ማክሰኞ ጧት፣ ጧፍ ገዝቼ በጀልባ ስመለስ፣ ይህ ሰው ሮጦ ገባ። ከጆንያዎቹ መሐል ተቀምጦ ጋቢዬን ለመነኝ፤ ሰጠሁት፣ ተከናነበ። የሚከታተሉኝ አሉ አለኝ። ደቅ ከወረድን በኋላ ኪሱን ሲዳብስ ሳጥኒቱን አገኛት። ከምትከታተለው ነገር ሲሸሽ፣ እሷኑ ይዟት ነበር የተሳፈረ። ያዙልኝ ብሎ ሰጠኝና ሳይቀበለኝ ቀረ። ዛሬ አብረን ተሻግረን እዚህ ጀልባ መነሻው ላይ ተለያየንና ሳጥኒቱን ልመልስለት ሰፈሩን ጠይቄ ብመጣ፣ ለቅሶ አገኘሁ።»

ጽጌ ወደ ወንበሯ ጫፍ ተጠጋች። «ሞተረኞቹስ የኔታ?»

«እኔ አላየሁም።»

«ውሃ ውስጥ ዘለልሁ ያለውስ?»

«ጣቱንም ውሃ አልነካው። ማዕበል በመጣ ቁጥር እጄን ይይዝ ነበር።»

«እንፍራንዝስ?»

«መኪናዪቱ ጎማዋ ወልቆ ጎሚስታው ቤት እንደቆመች እሱ ነው የነገረኝ። ያደረውም እኔ ጎጆ ነው።»

«እኛም ጎሚስታውን ሳንጠይቅ ድንኳን ተከልን!» አሉ ጋሽ ገድሉ። ክንዱ ከጀርባቸው አልወጣም። ጽጌ ያቺን ቀይ ብልጭታ አየች። ከዚያ ሻንጣዋን ከጉልበቷ አንሥታ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«ታዲያ ደቅ ላይ ምን ሲያደርግ ዋለ?»

«ሲያለቅስ» አሉ የኔታ። «በአፌ ሀብታም መስያቸዋለሁ፣ እኔን ሲያጡ እሷን ይወስዷታል እያለ። እንግዲያ ተመለስ ስለው እፈራለሁ ይለኛል። ዛሬ ጧት ሦስት ጊዜ ጀልባው ድረስ ሄዶ ሦስት ጊዜ ተመለሰ። በአራተኛው፣ ጽጌ ብቻዋን ናት አለና ዐይኑን ጨፍኖ ገባ። ይህን አይቻለሁ። ሌላው ሁሉ ግን፣ ልጄ፣ አልነበረም።»